ዘንዶውን ማን ገደለው?

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በየወሩ እዚህ ፊታችሁ የምቆመው የቁጠባውንና የብድሩን ሒሳብ ላነብላችሁ ነው። ዛሬ ግን የማወራው ስለ ዘንዶ ነው። አትሳቁ። ከስምንት መቶ ገጽ በላይ ስላለው፣ አምስት ጓደኛሞች ተባብረን ሰባት ወር ስለፈጀንበት አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ላጫውታችሁ ነው። መጽሐፉን ያላነበባችሁ ምንም አይቀርባችሁም። ልታነቡት ያሰባችሁ ካላችሁ ግን ወጣ ብላችሁ ቡና የሚያፈሉትን ብታግዙ ይሻላል፤ መጨረሻውን ሳልናገር ስለ ጉዳዩ መናገር አልችልም።

መጽሐፉ «ዘ ፕራዮሪ ኦፍ ዘ ኦሬንጅ ትሪ» ይባላል፤ «የብርቱካኗ ዛፍ ገዳም» ብንለው ያስኬዳል። ደራሲዋ ሳማንታ ሻነን የምትባል እንግሊዛዊት ናት። በ2019 እ.ኤ.አ. ሲታተም ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላትም ነበር። እኛ እጅ የገባው የአንዷ ጓደኛችን ዘመድ ከውጭ ስትመጣ ይዛላት መጥታ ነው። አንድ ቅጂ፣ አምስት ሰው። ተራ እንጠብቅ ብንል የመጨረሻዋ የምታገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ወስደን አራት ቦታ አስከፈልነውና እያንዳንዱን ክፍል በካርቶን አስጠረዝነው። ክፍሎቹም እንደ ዕቁብ በተራ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። መጽሐፍ በቢላ መቁረጥ ነውር የመሰላት አስተማሪዋ ጓደኛችን ሳምንት ሙሉ አኩርፋናለች። እኔ ግን ዛሬም ልክ ነበርን እላለሁ፤ ያን የሚያህል መጽሐፍ ሙሉውን ይዞ በአውቶቡስ ቆሞ ማንበብ አይቻልም።

ከአምስታችን አንዷ ነርስ ናት፣ አንዷ የአማርኛ አስተማሪ፣ አንዷ የልብስ ሱቅ አላት፣ አንዷ ፀጉር ቤት አላት፣ አምስተኛዋ እኔ ነኝ። ፀጉር ቤት ያላት ጓደኛችን በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር ማንበብ አትወድም። «እናንተ አንብቡ፣ እኔ እሰማለሁ» አለች። እሁድ ከሰዓት ደንበኛ ሲቀንስ እዚያው ካስኩ ሥር ተደርድረን ያነበብነውን በአማርኛ እንተርክላት ነበር። አሁን ሳስበው ከሁላችንም በላይ መጽሐፉን የገባችው እሷ ናት። እኛ ያነበብን ሰዎች ስንጣደፍ የምናልፈውን እሷ «ቆይ፣ ቆይ» እያለች ታስቆመን ነበር።

የመጀመሪያው «ቆይ» የመጣው ገና በሁለተኛው እሁድ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ዓለም በሁለት ተከፍሏል። በምዕራብ በኩል ያሉት አገሮች ከእሳተ ገሞራ የወጡ፣ እሳት የሚተፉ፣ ሰውና ከተማ የሚያቃጥሉ ዘንዶዎች አሳልፈው የመከራ ዘመን ያዩ ናቸው። የእነዚያ ሁሉ የበላይ ስሙ የማይጠራ ነው፤ «ስም የለሹ» ነው የሚሉት። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ሌላ ዓይነት አሉ፤ የውኃ ናቸው፣ እሳት አይተፉም፣ ሕዝቡ እንደ አምላክ ያከብራቸዋል፣ በጀርባቸው የሚቀመጡ ተዋጊዎችም አሏቸው። ነርሷ ስትተርክ ሁለቱንም «ዘንዶ» ነበር የምትላቸው። ሰሚዋ ግራ ገባትና «እስቲ ልረዳ፣ ዘንዶውን ሊገድሉት ነው ወይስ ሊሳለሙት?» አለች። ሁላችንም ሳቅን። አስተማሪዋ ግን አልሳቀችም። ለእሳቱ «ደራጎን» እንበል፣ ለውኃው ሌላ ስም እንፈልግ ብላ ቃል ስታወጣ ስታወርድ አመሸች። ቃል አልተገኘም። በእኛ ቋንቋ ዘንዶ ሲባል የሚሳብ ነው፤ የሚበርና ዝናብ የሚሰጥ ዘንዶ አያቶቻችን አልነገሩንም።

ዘግይቶ ነው የገባን እንጂ የመጽሐፉም ጠብ ይኸው ነው። ምዕራቦቹ ሁለቱን አይለዩም፤ ለእነሱ ዘንዶ ሁሉ ጠላት ነው፣ ዘንዶ የሚያከብር ሕዝብም ሁሉ ከሃዲ ነው። ምሥራቆቹ ደግሞ ዘንዶዎቹ ያመጡትን ቀይ በሽታ ፈርተው በራቸውን ዘግተዋል፤ ከውጭ በድብቅ የገባ ሰው ቅጣቱ ሞት ነው። ጠላት አንድ ሆኖ ሳለ በአንድ ቃል ምክንያት አይነጋገሩም።

በሽታው ላይ ነርሷ ብዙ ተናገረች። መጽሐፉ የወጣው ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ነው፤ እኛ ግን ያነበብነው ከኮሮና በኋላ ስለሆነ ዓይናችን ሌላ ነበር። እሷ በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ ነበረች። «በር መዝጋታቸው ልክ ነው፣ ለይቶ ማቆየቱም ልክ ነው» አለች። «ልክ ያልሆነው መግደላቸው ነው። ሰው ሞት እየጠበቀው ታምሜያለሁ ብሎ አይወጣም፣ ይደበቃል። ከተደበቀ ደግሞ በሽታው አብሮት ይደበቃል።» ሰባት ወር ሙሉ ከተነገረው ሁሉ ይህንን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

አሁን ወደ አርእስቴ ልምጣ። በምዕራብ ኢኒስ የምትባል መንግሥት አለች። የኢኒስ ሰዎች እንዲህ ብለው ያምናሉ፦ ከሺህ ዓመት በፊት ስም የለሹ ዘንዶ በደቡብ ላሲያ በምትባል አገር ሕዝቡን አስጨነቀ። ሰዎች መሥዋዕት እንዲሆኑ በዕጣ ይሰጡት ነበር፤ በመጨረሻ ዕጣው በንጉሡ ልጅ በክሊዮሊንድ ላይ ወጣ። ጋሊያን የሚባል ባላባት በሰይፉ ዘንዶውን ድል ነሣ፣ ልጅቷንም አዳናት፣ አገባት፣ ኢኒስን መሠረተ። ከእነሱ ዘር ንግሥት እስካልጠፋ ድረስ ዘንዶው ተመልሶ አይመጣም።

ይህን ስንተርክ ፀጉር ሠሪዋ «ይሄማ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነው!» አለች። ነውም። ደራሲዋ ሆን ብላ ከዚያ ተነሥታለች። በአውሮፓ ያንን ታሪክ በሰፊው ያሰራጨው በ13ኛው መቶ ዘመን የተጠናቀረ የቅዱሳን ገድላት መጽሐፍ ነው፤ በዚያ ውስጥ ሰማዕቱ ዘንዶውን ካቆሰለው በኋላ ልጅቷን ቀበቶሽን አንገቱ ላይ እሰሪው ይላታል፣ እሷም እንደ ለማዳ ከብት እየጎተተች ወደ ከተማ ታስገባዋለች። በኋላ በ1596 ሪቻርድ ጆንሰን የሚባል እንግሊዛዊ የጻፈው ደግሞ አለ፤ እሱ ልጅቷን የግብፅ ንጉሥ ልጅ ሳብራ ይላታል። በእሱ ታሪክ ተዋጊው ሲደክም የሚጠለለው መርዛም ነገር በማይደርስባት የብርቱካን ዛፍ ሥር ነው። የመጽሐፋችን ርእስ ከየት እንደመጣ አያችሁ። የንግሥቲቱም ስም ሳብራን ነው፣ የሰይፉም ስም በጆንሰን ዘንድ ያለው አስካሎን ነው።

ከእናቶቻችን አንዷ ይህን አስቀድሜ ሳማክራቸው «በሰማዕቱ ላይ ተረት ተጻፈ?» ብለው ፊታቸውን አጠቆሩብኝ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ሁላችሁም ፊት ልመልስላቸው። ሰማዕቱ የሚከበሩት ስለ ሃይማኖታቸው በተቀበሉት መከራ ነው፤ መጽሐፉ ያንን አይነካም፣ ስማቸውንም አይጠራም። መጽሐፉ የሚጠይቀው ስለ ልጅቷ ነው። በቤተ ክርስቲያኖቻችን ሥዕል ላይ ፈረሱ ነጭ ነው፣ ጦሩ ዘንዶው ላይ ነው፣ ከጎን ዛፍ ላይ ደግሞ አንዲት ልጅ አለች፤ ብሩታዊት ትባላለች፣ የቤይሩት ሰው ማለት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻታለሁ። እዚያ ዛፍ ላይ ሆና ምን እያሰበች እንደነበር ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

መጽሐፉ የሚመልሰው እንዲህ ነው። በላሲያ ተራራ ውስጥ በአንዲት የብርቱካን ዛፍ ዙሪያ የሚኖሩ የሴቶች ገዳም አለ። የእነሱ ታሪክ ሌላ ነው። ባላባቱ ዘንዶውን እገድላለሁ ያለው በሁለት ውል ነበር፦ ልጅቷን ሊያገባ፣ ሕዝቡም ሃይማኖቱን ሊቀይር። ሲዋጋ ቆሰለ፣ ወደቀ። ክሊዮሊንድ ከዛፏ ፍሬ በላች፣ የወደቀውን ሰይፍ አነሣች፣ ዘንዶውን ያሸነፈችው እሷ ናት። ከዚያም ባላባቱን ከአገሯ አባረረችው። እሱ አገሩ ገባና ታሪኩን ገልብጦ አወራ። እሱ «ቅዱሱ» ተባለ፤ እሷ በኢኒስ ጸሎት ውስጥ «ልጃገረዲቱ» ብቻ ሆና ቀረች። (በገዳሙ ውስጥ ሴቶቹ ይዋጋሉ፣ ወንዶቹ ቤቱን ይይዛሉ፣ ያበስላሉ። ፀጉር ሠሪያችን ይህችን ክፍል ሁለት ጊዜ አስተርካናለች።)

የልብስ ሱቅ ያላት ጓደኛችን አልተዋጠላትም። «ወንዱ አዳነ የሚለውን ገልብጦ ሴቷ አዳነች ማለት ምን ይከብዳል? ይህ ብድር መመለስ ነው እንጂ ታሪክ አይደለም» አለች። ክርክሩ ሞቀ። አስተማሪዋ ግን ከእኛው ቤት ምስክር አመጣች። የአርዌን ታሪክ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ንጉሥ ሆኖ የገዛ፣ ከብትና ልጃገረድ የሚገበርለት ዘንዶ ነው። የገደለው አንጋቦ ነው የሚለውን ነው የምንሰማው፤ ልጁም ንግሥት ማክዳ ናት። ነገር ግን ኤኖ ሊትማን የተባለ ጀርመናዊ ምሁር በ1904 ያሳተመው ከአክሱም አካባቢ የተገኘ ሌላ ትውፊት አለ። በዚያ እትዬ አዜብ የምትባል ልጅ ለዘንዶው ዛፍ ላይ ታስራለች። ቅዱሳን መጥተው ዘንዶውን ይገድሉታል፣ ደሙ እግሯ ላይ ይፈስና ተረከዟ የአህያ ኮቴ ይሆናል። ወደ መንደሯ ስትመለስ «አምልጣ መጣች» ብለው ያባርሯታል። በማግሥቱ ወስዳ ሬሳውን ታሳያቸዋለች። ያኔ ሹም አድርገው ያነግሷታል።

አያችሁ፣ ልጅቷ እዚህም ዛፍ ላይ ናት። ግን ዛፍ ላይ አትቀርም። የገደሉት ቅዱሳን ሆነው ሳለ፣ ፍርሃቱንም ጠባሳውንም የተሸከመችው እሷ ናትና ሕዝቡ ሥልጣኑን ለእሷ ሰጠ። ይህን ስንሰማ የልብስ ነጋዴዋ ዝም አለች፤ አመነች ማለት ግን አይደለም።

እኔ በሙያዬ ያየሁትን ልንገራችሁ። የማኅበራችን ቅጽ ላይ «ሥራ» የሚል ቦታ አለ። ከብድር ወሳጆቻችን ብዙዎቹ እዚያ ላይ «የቤት እመቤት» ብለው ይጽፋሉ። ብድሩ ሲመለስ ግን የሚመለሰው ከእንጀራ ሽያጭ ነው፣ ከበርበሬ ነው፣ ከልብስ ስፌት ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥታ ምጣድ የምትጥድ ሴት ሥራ የላትም ብዬ ነው መዝገብ የምይዘው። ባለቤቷ ሥራ ካጣ ሁለት ዓመት ሆኖት ሊሆን ይችላል፤ የቤተሰቡ ገቢ ምንጭ ተብሎ የሚጻፈው ግን እሱ ነው። ገቢው ትክክል ነው፣ ድምሩም ይገጥማል፤ የገባው ግን በሌላ ሰው ስም ነው። ለዚህ ነው የጋሊያን ታሪክ እንደ ተረት ያልታየኝ።

አሁን ንግሥት ሳብራንን ላስተዋውቃችሁ፤ የሰባት ወራችን ከባዱ እሁድ በእሷ ምክንያት የመጣ ነው።

ሳብራን የኢኒስ ንግሥት ናት። ከእሷ በፊት የነበሩት ንግሥቶች ሁሉ እያንዳንዳቸው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ወልደው አልፈዋል። ዘሩ ከተቋረጠ ስም የለሹ ይመጣል ተብሎ ስለሚታመን፣ አገር በሙሉ፣ አማካሪ በሙሉ፣ ካህን በሙሉ የሚያየው ሆዷን ነው። እሷ መውለድ ትፈራለች። አገባች፣ ፀነሰች፣ ባሏ ተገደለ፣ ፅንሱም ወረደ። ከዚያ በኋላ እንደማትፀንስ ተነገራት። ያንን ከሕዝቡ ደብቃ ዙፋን ላይ ትቀመጣለች፤ ዓለምን የሚያጠፋው እንከኔ ነው እያለች።

ከአምስታችን አንዷ ትዳር ከመሠረተች ስድስት ዓመት ሆኗታል፣ ልጅ የላትም። ማን እንደሆነች አልናገርም፤ ይህን ለመናገር ግን ጠይቄያት ፈቅዳልኛለች። ያን ክፍል ስንተርክ ዝም ብላ ሰማች። ሌላችን ምን እንደምንል ጠፋን፤ አንዷ ተነሥታ ያልተበጠበጠ ሻይ ታማስል ጀመር። በመጨረሻ እሷው ተናገረች። «በበዓል ቀን ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ» አለች፣ «ማንም ክፉ አይናገረኝም። ይመርቁኛል። ምርቃቱ ነው የሚከብደው። የሁሉም ዓይን መጀመሪያ ፊቴ ላይ ያርፋል፣ ቀጥሎ ሆዴ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ነው እንደምን አለሽ የሚሉኝ።» ከዚያ «ቀጥሉ፣ ምን ሆነች?» አለች።

የሆነው ይህ ነው። በታሪኩ መጨረሻ አካባቢ እውነቱ ይወጣል። ስም የለሹን ሺህ ዓመት ያሰረው የንግሥቶቹ ዘር አይደለም። ያሰሩት ክሊዮሊንድና አንዲት የምሥራቅ ሴት ናቸው፣ በሁለት ዕንቁዎች። ዘመኑ ሺህ ዓመት ነበር፣ አለቀ። የሳብራን ቤተሰብ እንዲያውም ከክሊዮሊንድ ዘር አይደለም፤ ጋሊያን ያገባው ሌላ ሴት ነበር። ማለት፣ ሳብራን ብትወልድም ባትወልድም ዘንዶው በቀኑ ይመጣ ነበር።

በሒሳብ አያያዝ ዕዳ ሲመዘገብ ከኋላው ሰነድ ይኖራል፤ ውል፣ ደረሰኝ፣ ፊርማ። ሰነድ የሌለው ዕዳ አይከፈልም። ነገር ግን የማውቀው አንድ መጥፎ ልማድ አለ፦ «ካለፈው ዓመት የዞረ» የሚባል መስመር። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ከገባ በየዓመቱ እየዞረ ይቀጥላል፤ አዲስ የመጣ ሒሳብ ሠራተኛ ያገኘውን ይገለብጣል፣ ኦዲተሩም ድምሩ ከገጠመለት ያልፈዋል። የእነዚያ ንግሥቶች ዕዳ እንደዚያ ነበር። ከእናት ወደ ልጅ ሲዞር ኖረ። ከእነሱ መካከል መውለድ ያልፈለገች ነበረች፣ በወሊድ የሞተችም ትኖራለች። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ «ውሉ የታለ?» ያለ ግን አልነበረም።

ይህን ስል ያቺ ጓደኛችን ሳቀች። ሳቋ የደስታ አልነበረም፣ የምሬትም አልነበረም። «ስድስት ዓመት እኔ ጋ የዞረውን ሂሳብ ለአማቴ ንገሪልኝ» አለችኝ። አማቷን አላገኘኋቸውም። ይህ ንግግር ሲታተም ያነቡት ይሆናል።

ስለ ኢግሬን ክረስትም ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በመጽሐፉ መጀመሪያ ማታ ማታ ነፍሰ ገዳዮች ወደ ንግሥቲቱ መኝታ ይላካሉ። ማን እንደሚልካቸው ለረጅም ጊዜ አይታወቅም፤ እኛም አምስታችን የጠረጠርነው ወንድ ወንዱን ነበር። የላከችው ግን ኢግሬን ናት፤ ሳብራንን በልጅነቷ ከጠበቋት፣ ካሳደጓት አንዷ፣ ሃይማኖተኛ፣ የተከበረች ሴት። ልትገድላት አይደለም። አስፈራርታ ቶሎ እንድትወልድ ልታደርጋት ነው። ነርሷ ይህን ስታነብ መጽሐፉን ወረወረችው (ሁለተኛው ክፍል ጀርባው የተላቀቀው በዚህ ምክንያት ነው)። እኔ ግን ደራሲዋን ያመንኳት እዚህ ላይ ነው። ሴትን ሁሉ ጥሩ፣ ወንድን ሁሉ ክፉ አድርጋ ብትጽፍ ኖሮ የልብስ ነጋዴዋ ክስ ልክ ይሆን ነበር። ሴትን በማህፀኗ መቁጠር የወንድ ብቻ ሥራ አለመሆኑን እኛ እዚህ የተቀመጥን ሁሉ እናውቃለን።

በምሥራቅ ያለችው ታኔ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አልተስማማንም። ታኔ ወላጅ የሌላት የድሃ ልጅ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የለፋችው የዘንዶ ጋላቢ ሆና ለመመረጥ ነው። ምርጫው ሊጀመር ሲል ማታ በባሕር ዳርቻ ከውጭ በድብቅ የገባ ሰው ታገኛለች። ሪፖርት ብታደርግ እሷም በበሽታ ተጠርጥራ ትገለላለች፣ ዕድሏ ያመልጣታል። ስለዚህ ትደብቀዋለች፤ ጓደኛዋ ሱሳ ሰውየውን በሌሊት ወደ ነጋዴዎቹ ደሴት ትወስድላታለች። ታኔ ተመረጠች። በኋላ ነገሩ ሲወጣ ግን በሞት የተቀጣችው ሱሳ ናት።

አስተማሪዋ ይቅርታ የለኝም አለች፤ «ጓደኛን ለሥልጣን መገበር ከዘንዶ ግብር በምን ይለያል?» ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ ለታኔ ተሟገተች። «እናንተ ሁለት ሦስት ዕድል አግኝታችኋል፤ ደመወዝ አላችሁ፣ ዲፕሎማ አላችሁ። አንድ ዕድል ብቻ ያላት ሰው እንዴት እንደምታስብ አታውቁም። እኔ ይህን ፀጉር ቤት ስከፍት ያኔ ያላየሁትን፣ ያለፍኩትን ሰው ታውቃላችሁ?» ማን እንደሆነ አልነገረችንም። እኛም አልጠየቅናትም። ይህ ክርክር እስከዛሬ አልተዘጋም፤ ሁለቱም በየምክንያቱ ያነሡታል።

የማልደብቃችሁ ሌላም ነገር አለ። በንግሥቲቱና ከገዳሙ በድብቅ ተልካ በምትጠብቃት በኢያድ መካከል ፍቅር አለ፤ የታሪኩም ትልቅ ክፍል ነው። ከእኛ አንዷ እዚያ ስትደርስ «ይሄ ለእኔ አይሆንም» ብላ ክፍሉን መለሰችና ሦስት እሁድ ቀረች። ማንም አልወቀሳትም፣ ማንም አልለመናትም። በአራተኛው እሁድ መጣችና ካስኩ ሥር ቁጭ ብላ «ለመሆኑ ታኔ ምን ሆነች?» አለች። ያለፈውን ተርከንላት ቀጠልን። አብሮ ማንበብ የሚቻለው እንዲህ ከሆነ ይመስለኛል፤ አንዷ የዘለለችውን ሌላዋ ታነባለች።

ጉድለቱን ካልተናገርኩ ደግሞ ወገንተኛ እባላለሁ። ስሞቹ ይበዛሉ፤ ከመጽሐፉ ጀርባ የሰዎቹ ዝርዝር ባይኖር ኖሮ እኔ ራሴ ተስፋ እቆርጥ ነበር። ዝርዝሩን ፎቶ ኮፒ አድርጌ በየክፍሉ አስገብቼዋለሁ። ትልቁ ጉድለት ግን መጨረሻው ነው። ስምንት መቶ ገጽ ሙሉ ስም የለሹ መጣ፣ ሊመጣ ነው እየተባልን ቆይተን፣ ሲመጣ ጦርነቱ በጥቂት ገጽ ያልቃል። ድግሱን ወር ሙሉ ደግሶ እንግዳውን ከበር እንደመመለስ ነው። ነርሷ «የመጨረሻው ቁራጭ ከጠራዡ ጋ ቀርቶ ይሆን?» ብላ የምር ልትጠይቀው ሄዳ ነበር። አልቀረም።

ደስ ያለኝ አንድ ነገር ግን እዚያው መጨረሻ ላይ አለ። ዘንዶውን ለማሰር ሁለቱም ዕንቁዎች በአንድነት ያስፈልጋሉ፤ ሰይፉም ያስፈልጋል። ከደቡብ የመጣችው ኢያድና ከምሥራቅ የመጣችው ታኔ ሁለቱም የየአገራቸውን ግማሽ እውነት ይዘው ነው የሚገናኙት። ኢኒስ ያለው መዝገብ ሐሰት ነው፣ የገዳሙ መዝገብ ጎዶሎ ነው፣ የምሥራቁም ጎዶሎ ነው። እኛ የባንኩን ደብተርና የራሳችንን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጠን እንደምናስታርቀው ማለት ነው፤ አንዱ ብቻውን ልክ ሆኖ አያውቅም። ገዳሙም ቢሆን ሺህ ዓመት «አሸናፊዋ የእኛ ናት» ሲል የምሥራቋን ሴት ከታሪኩ ጥሏታል። የልብስ ነጋዴዋ ይህ ሲነበብ «አላልኳችሁም?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ብላኝ ነበር።

ደራሲዋ በ2023 ሌላ መጽሐፍ አውጥታለች፤ «ኤ ዴይ ኦፍ ፎልን ናይት» ይባላል፣ ከዚህ ታሪክ አምስት መቶ ዓመት ቀድሞ ስለነበረው የመከራ ዘመን ነው። እሱም አያንስም ይባላል በውፍረት። እስካሁን አላገኘነውም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ብታስቡልን ደስ ይለናል። ጠራዡ ዋጋ እንደማይጨምርብን ቃል ገብቷል።

የመጀመሪያው መጽሐፍ አራቱም ክፍሎች በማኅበሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ከደረሰኝ ጥራዞቹ ጎን ተቀምጠዋል። መውሰድ የምትፈልጉ ከብድር መዝገቡ ጀርባ ባለው ገጽ ላይ ስማችሁን፣ የወሰዳችሁትን ክፍልና ቀኑን ጻፉ። እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ደግሞ እሁድ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቱ ኑ፤ አስተማሪዋ ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና ልትተርክ ተስማምታለች። ለውኃው ዘንዶ የሚሆን ቃል ያላችሁም ይዛችሁላት ኑ።